«ክሊፕ አደረገ!»

ሚዛን ተፈሪ፣ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ቀይ መብራት ብልጭ አለችና ድምፄን የሚቀዳው ልጅ «ክሊፕ አደረገ!» አለኝ። እኔ የማውቀው ክሊፕ የዘፈን ቪዲዮ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ደግሞ የወረቀት መያዣ። እንግሊዝኛው ሁለት ቃል ነው፦ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው እንደ በግ ጠጉር ይሸልታል። የልጁ «ክሊፕ» ከሸላቹ ወገን ነው። በዲጂታል ድምፅ መለኪያ ጣሪያው 0 ዴሲቤል ነው፤ ያንን ያለፈ የሞገድ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆንና ድምፁ ይሻክራል። በቡና አገር ነንና እንደ ቡናው ግንድ ቆረጣ በአማርኛ «ጉንደላ» ልለው ዳድቶኝ ነበር። ግን የተጎነደለ ቡና መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የተቆረጠው የሞገድ ጫፍ ኋላ ድምፁን ቢቀንሱትም አይመለስም። «ድምፁ ተቀነጠሰ» ቢባልስ? ልጁ ፈገግ አለና ማይኩን ቀንሶ «እንደገና ይበሉ፣ ጋሼ» አለኝ።