ልጅ ሲታመም ጤና ኬላን አልፎ መሄድ

«ጤና ኬላ ምን አለ? ክትባት ብቻ ነው» ሲባል በገጠር ብዙ ጊዜ ይሰማል። በዚህ የተነሳ ልጅ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው ቤተሰቡ የመኪና ገንዘብ እስኪያገኝ ይቆይና በቀጥታ ወደ ከተማ ሆስፒታል ይሄዳል። በሳንባ ምች ወይም በከባድ ተቅማጥ ለተያዘ ሕፃን ይህ የአንድና የሁለት ቀን መዘግየት ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ጤና ኬላ ምን ይሠራል?

በኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። መጀመሪያ ሥራው በአብዛኛው በሽታን መከላከል ነበር፤ «ክትባት ብቻ» የሚለው ግምትም የመጣው ከዚያ ይመስላል። ዛሬ ግን የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሳንባ ምችን፣ ተቅማጥን፣ ወባንና የምግብ እጥረትን ያክማሉ።

ባለሙያዋ የልጅዎን ልብስ ገልጣ ለ1 ደቂቃ ሙሉ ደረቱን ስታይ «ዝም ብላ ታየዋለች» ብለው አይናቁት። ትንፋሹን እየቆጠረች ነው፤ ምርመራው ራሱ እሱ ነው። ሳል ያለው ከ2 እስከ 12 ወር ያልሞላ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያልሞላ ልጅ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ይጠረጠራል። ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስ (ለምለም) እና ለ10 ቀን የሚወሰድ ዚንክ ይሰጣል። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩን ያስጨርሱት።

በእርግጥ ቅሬታው ሁሉ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። በሩ ተዘግቶ ወይም መድኃኒት አልቆ የሚያገኙበት ቀን አለ። እንዲህ ሲሆን ወደ ቤት አይመለሱ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የአዋቂ ክኒን ከፍለው አይስጡት፤ የሕፃን መድኃኒት መጠን የሚወሰነው በዕድሜውና በክብደቱ ነው።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሚወስዱት መቼ ነው?

ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ ትኩሳት ወይም ጡት አልጠባም ማለት ብቻውን ይበቃል።

የሕፃናት ስፔሻሊስት ሐኪሞች በአብዛኛው የሚገኙት በትላልቅ ከተሞች ነው። ስለዚህ የሪፈር ወረቀቱን አይጣሉት። የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ እዚያ ላይ ይጻፋል፤ ሐኪሙም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ ደግሞ ያለ ሪፈር ሲሄዱ ወጪው ሙሉ በሙሉ ላይሸፈንልዎ ይችላል። በመንገድ ላይ ሕፃኑን ሸፍነው ያሙቁት፤ መጥባት ከቻለም ቶሎ ቶሎ ያጥቡት።