ፈረስና ቆላ፦ በወገራና በሳንጃ ስለ ፈረስ ጤና አጠባበቅ ታሪክ

ስለ ፈረስ በአማርኛ የተጻፈውን ስናገላብጥ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ፈረሱን ሳይሆን ስሙን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ መባላቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጽሔት ላይ ስለ ፈረስ ስም ያሳተሙት ሰፊ ጥናት ዛሬም በዚህ ረገድ የምንመለስበት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ስሙን ለጌታው ያወረሰው እንስሳ ምን በላ፣ ሲያመው ማን አየው፣ በምንስ ዳነ ብለን ስንጠይቅ መልስ የሚሰጠን ጽሑፍ እጅግ ይሳሳል። የልጅ ኢያሱ የፈረስ ስም «አባ ጤና» ነበር፤ ከስሙ አልፎ ስለ ፈረሱ ጤና የሚናገር ነገር ግን አላጋጠመኝም።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ክፍተት ብቻ አይደለም። የተወለድሁት ወገራ ነው፤ አያቴ ፈረስ ያረቡ ነበር። በ1962 ዓ.ም. መስከረም ላይ የአጎቴ አማት ሳንጃ ማረፋቸውን የሚገልጽ መርዶ ደረሰን። ሳንጃ ዛሬ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከጎንደር ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲወርዱ ደጋው አልቆ ጥጥ፣ ሰሊጥና ማሽላ ከሚበቅልበት ሙቅ አገር፣ በስሟ ከሚጠራው ወንዝ አጠገብ ትገኛለች። አጎቴ ዳማውን ድንጉላ ጫነ። አያቴ ከደጃፍ ቆመው «በበቅሎ ውረድ፤ ፈረስ መስከረምን ቆላ አያሳልፍም» አሉት። «አባባ፣ ለአማቴ ለቅሶ ፈረሴን ሳላሰልፍ ብቀር ምን እባላለሁ?» ብሎ መለሰ። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ስንቅ ይዤ በእግሬ ተከተልሁት። ያ ፈረስ አልተመለሰም።

አያቴ በዚያ ጧት የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር የዚህን ጽሑፍ ፍሬ ሐሳብ ይዟል ማለት እችላለሁ። የጎንደር ሰው ለፈረሱ የነበረው ዋና መድኃኒት ሥርና ቅጠል አልነበረም፤ አያያዝ፣ ማለትም መኖ፣ ሰዓት፣ ወቅትና የመሬት ከፍታ ነበር። ይህ ዕውቀት ደግሞ ከብራናው ይልቅ የተቀመጠው በባልደራሶችና በተራ ፈረስ ጠባቂዎች አንደበት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪሞችን ያህል የሥነ ቃል ተማሪዎችንም ይመለከታል ብዬ አምናለሁ።

ከቤተ መንግሥቱ ብንጀምር፣ በጎንደር ከዐፄ ፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችውን ባለ ጉልላት ትንሽ ሕንፃ የአገሬው ሰው የዞብል መቃብር ይላታል፤ ዞብል የንጉሥ ፈረስ ነበር። በነገሥታቱ ግቢ ውስጥም የፈረስ ጋጥ ነበር የሚባል ቤት ይታያል። የጋጡ አለቃ ባልደራስ ይባል ነበር፤ ይህም የቤተ መንግሥት ማዕረግ ነው። የቃላቱን ታሪክ ብንከተል ከዚህም የራቀ መንገድ ያሳዩናል። ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ በአማርኛ ድንጉላ ነው፤ መነሻውም በዓባይ ዳር የምትገኘው የኑብያዋ ከተማ ዶንጎላ እንደሆነች ብዙ ጊዜ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጥሩር የለበሱትን የንጉሡን ፈረሰኞች ሲገልጽ፣ ግዙፎቹ ፈረሶች በስናር በኩል የሚመጡ መሆናቸውን ይነግረናል። እንግዲህ የደጋው ኩራት የነበረው ፈረስ የመጣው ቆላውን አቋርጦ ነው። ነገር ግን ነጋዴ ቆላውን የሚያቋርጠው በበጋ ነው። ማለፍ ሌላ፣ ክረምት ወጥቶ ሣር በለመለመ ጊዜ እዚያ መሰንበት ሌላ።

የመድኃኒት መጻሕፍቱስ? ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 የአንድ ሐበሻ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ አሳትሟል። ስቴፋን ስትሬልሲንም በ1968 እና በ1973 ስለ ኢትዮጵያ መድኃኒትና ዕፀዋት ሁለት ቅጾች አውጥቷል። እነዚህ ሥራዎች ለቋንቋ ጥናት ያላቸው ዋጋ ከፍተኛ ነው፤ ይሁንና የሚበዛው ነገራቸው ስለ ሰው ሕመም ነው። በዚያ ላይ የደብተራው መጽሐፍ በባሕርይው የሚጀምረው ሕመሙ ከደረሰ በኋላ ነው፦ ለዚህ በሽታ ይህን ሥር፣ ይህን ያህል ቀን። ባልደራሱ የሚጀምረው ከሕመሙ በፊት ነው፤ የእሱ ሥራ ደግሞ «መድኃኒት» ተብሎ ስላልተጠራ ጸሐፊ አላገኘም።

ይህ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በሆድ ነገር ነው። አማርኛ የእንስሳን ሆድ በቃል ለይቶ ያውቀዋል። የላምና የበሬው እበት ነው፤ የጋማ ከብቱ ግን ፋንድያ። ላሟ ታመሰኳለች፤ ፈረስ አያመሰኳም። የኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 11 የሰማ ምእመን ሁሉ የሚበላውንና የማይበላውን የሚለየው በሰኮናና በማመስኳት ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት ያልገባ እረኛ እንኳ የሁለቱ እንስሳት ሆድ በአሠራሩ እንደሚለይ ያውቅ ነበር። የዛሬው ሳይንስም ይህንኑ ያብራራል። የፈረስ ጨጓራ አንድና ለቁመናው እጅግ ትንሽ ነው፤ ሣሩ የሚብላላው ኋላ በትልቁ አንጀት ውስጥ ነው፤ ከሁሉም በላይ ፈረስ የዋጠውን ማስታወክ አይችልም። ስለዚህ ለሰው ወይም ለውሻ አንድ ጊዜ አስታውኮ የሚያልፍ ነገር ፈረስን ይገድለዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። በቋንቋችን ፈሪውን ሐሞተ ቢስ፣ ደፋሩን ሐሞተ ኮስታራ እንላለን። የጦር ሜዳው ፈረስ ግን የሐሞት ከረጢት የለውም። ሐሞቱ ሳይጠራቀም ቀስ እያለ ያለማቋረጥ ወደ አንጀቱ ይፈስሳል፤ ምክንያቱም ፈረስ የተፈጠረው ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እንዲግጥ እንጂ እንደ ሰው በማዕድ ሰዓት እንዲጠግብ አይደለም።

አያቴ ስለ ከረጢቱ አያውቁም ነበር፤ አያያዛቸው ግን የሚያውቁ ያስመስላቸው ነበር። በጋጡ ውስጥ ድርቆሽ ወይም ጭድ ጠፍቶ አያድርም። ፈረሱ መጀመሪያ ሣር፣ ቀጥሎ ውሃ፣ መጨረሻ ገብስ ይቀርብለታል፤ ያውም ገብሱ በእፍኝ ተለክቶ። ከግልቢያ የመጣ ፈረስ ላቡ ሳይደርቅ ገብስ አይቀምስም። ጧት ጧት ጋጡን የምጠርገው እኔ ስለነበርሁ «ፋንድያውን ሳታሳየኝ እንዳትጥል» ይሉኝ ነበር። ላልቶ እንደሆነ ለምለም ሣር በዝቶበታል፤ ደርቆና አንሶ እንደሆነ ውሃ አንሶታል፤ ሳይደቅቅ የወጣ ገብስ በፋንድያው ውስጥ ካዩ ወዲያው የፈረሱን አፍ ከፍተው ጥርሱን ይዳብሳሉ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ፋንድያ በእጃቸው ሲፈረፍሩ እፍረት ይይዘኝ ነበር። ዛሬ የእንስሳት ሐኪሞች ተማሪዎቻቸውን የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።

ስለ ገብሱ የነበራቸውን ጥንቃቄ በተመለከተ ከአገራችን ውጭም አቻ እናገኛለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ አያያዝ የጻፈው ግሪካዊው ዜኖፎን ስሙ ራሱ ከገብስ የተወሰደ የፈረስ በሽታ ይጠቅሳል። እህል ሲበዛ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ይቦካል፤ ከዚያ ሆዱ ይነፋል፣ ብሎም ሰኮናው ውስጥ ቁስለት ይጀምራል። ወገራና አቴና ያልተገናኙ አገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ገብስና ፈረስ ነበራቸው።

ቁርጠት ሲመጣ ምልክቱ ግልጽ ነው። ፈረሱ ዞሮ ሆዱን ያያል፣ መሬቱን በፊት እግሩ ይጭራል፣ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ይንከባለላል። የአያቴ የመጀመሪያ ሥራ መኖውን ማንሣት፣ ቀጥሎ ፈረሱን ቀስ አድርጎ ማዘዋወር ነበር። ከዕፀዋት ወገን የሚያውቁት ጥቂት ነበር፦ የተቀቀለ ተልባ፣ የኑግ ዘይት፣ ሲብስ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት። ለአልቅት የትምባሆ ውሃ ነበራቸው። ብሳናን ይፈሩ ነበር፤ ምክንያቱም አጥቦ የሚያስወጣውን ያህል ያደክማል። ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ የማይጎዳ የሚመስላቸው ሰዎች ዛሬ በዝተዋልና ይህን ፍርሃት ልብ እንዲሉልኝ እወዳለሁ። በአገራችን በሰፊው የተለመደው በአፍንጫ የመጋት ልማድ ደግሞ ከማናቸውም ቅጠል ይልቅ አደገኛ ነው። ተልባም ቢሆን፣ ጥሩ ዘይትም ቢሆን፣ ወደ ሳንባ ከወረደ መርዝ ነው።

ይህ አያያዝ ባልደራስ ከቀረ በኋላም ወራሽ አላጣም፤ በአዊ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ለሚደረገው ትርኢት ፈረሳቸውን የሚያዘጋጁት ገበሬዎች ዘንድ ብዙው ይገኛል። በጎንደርና በአዘዞ ጋሪ ሲጎትት የኖረው ፈረስ ዕድል ግን ሌላ ነው። ሣሩ በገንዘብ፣ ፉርሽካውም በገንዘብ ሲሆን ባለ ጋሪው የሚያበላው ሥራው ባበቃበት ሰዓት ባንድ ጊዜ ነው። ሆዱ ግን የተሠራው ለዚያ አይደለም። በዚህ ባለ ጋሪውን ልወቅስ አልሻም፤ እሱም ራሱ የሚበላው እንደዚያው ነውና።

ወደ ሳንጃ ልመለስ። እዚያ ስምንት ሌሊት አደርን። ፈረሱን ሣሩ ለምለም በሆነበት በወንዙ ዳር ካስማ ተክለን አሰርነው። በዘጠነኛው ቀን ጧት ሣሩን ሳይነካ ቆሞ አገኘሁት፤ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሞልቶ አብጧል። ቀትር ላይ ትንፋሹ አጠረ። መድኃኒት ያውቃሉ የተባሉ ደብተራ ተጠሩና ሆዱን ነው ብለው የጨመቁትን ቅጠል በአፍንጫው ይግቱት ጀመር። ልጓሙን ይዤ ራሱን ቀና ያደረግሁት እኔ ነበርሁ። ፈረሱ ሳለ፤ ነጭ አረፋ ከአፍንጫው ወጣ። «መድኃኒቱ ያዘለት» አሉ ደብተራው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደቀ። ለብዙ ዓመታት ያን አረፋ ያመጣው መድኃኒቱ፣ ፈረሱንም የገደልሁት ራሱን ቀና አድርጌ የያዝሁት እኔ እንደሆንሁ ይሰማኝ ነበር።

ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ ነገሩን ለአንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ ስነግረው ዓይኑ ላይ ስለነበረው እብጠት ደጋግሞ ጠየቀኝ። ከዚያም «ይህ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው፤ አረፋው የራሱ የበሽታው ነው። መጋቱ አጣድፎት ይሆናል እንጂ አልገደለውም» አለኝ። በሽታው በዓለም ታሪክ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ሰባ ሺህ ያህል ፈረስ ጨርሷል። በ1867 ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ገና በዙላ ባሕር ዳርቻ ሳለ ፈረሱና በቅሎው በውሃ ጥም ብቻ ሳይሆን በወረርሽኝም ይረግፍ ነበር፤ መፍትሔ ሆኖ የተገኘውም ወደ ሰንዓፌ ደጋ ማውጣት ነው። መንስኤው ቫይረስ መሆኑን ማክፋድየን እ.ኤ.አ. በ1900 አሳየ። የሚያስተላልፉት ደግሞ ከተራ ትንኝ የሚያንሱ ተናካሽ ነፍሳት እንደሆኑ ዱ ቶይት በ1944 አረጋገጠ። እነዚህ ነፍሳት የሚራቡት ዝናብ ባረጠበው ጭቃ ነው፤ የሚናከሱትም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ብርድ አይወዱም። በሽታው በቅሎን ከፈረስ ያነሰ፣ አህያን ደግሞ ከበቅሎም ያነሰ ይጎዳል። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች የሚለው ተረት ያላግጥባታል እንጂ፣ ቆላ ላይ ያዳናት አባቷ አህያው ነው። መድኃኒት እስከ ዛሬ የለውም፤ ክትባት ግን አለው፤ በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ ተቋምም ያመርተዋል።

ብሩስም ክረምት ሲገባ የጥቁር አፈሩ አገር ሰዎች ከብታቸውን ይዘው ወደ አትባራ አሸዋ የሚሰደዱት «ዝምብ» ከሚሏት ነፍሳት ሸሽተው እንደሆነ ጽፏል። የእሱ ዝምብና የዱ ቶይት ነፍሳት አንድ አይደሉም። ቢሆንም ሰዎቹ ሽሽታቸውን በወቅትና በአፈር ለክተው ማወቃቸው ከአያቴ አነጋገር ጋር ይገጥማል፦ መስከረም፣ ቆላ።

ኮርቻውንና ልጓሙን በተከራየናት አህያ ጭነን ወደ ወገራ ተመለስን። አጎቴ የሚመጣበትን ቁጣ እየጠበቀ አንገቱን ደፋ። አያቴ አልተቆጡም። ግላሱን በእጃቸው አበስ አበስ አድርገው፣ ምን እንዳበላነውም፣ ማን እንዳከመውም ሳይጠይቁ «ሌሊት የት አሳደራችሁት?» አሉ። እኔ ያን ጊዜ ስለ ጅብ የጠየቁ መስሎኝ ነበር።

«ከወንዙ ዳር» አለ አጎቴ።

አያቴ ኮርቻውን ተሸክመው ወደ ጋጡ ገቡ።