ስለ ኪሮሽ ጥበብና ስለ አየርላንድ ረኃብ

በከተማ ቤቶች በጠረጴዛና በወንበር መደገፊያ ላይ ተነጥፎ የሚታየው የክር ሥራ በአገራችን ዳንቴል ይባላል፤ የሚሠራበትም ጫፉ ቆልመም ያለው መርፌ ኪሮሽ ይባላል። ሁለቱም ስሞች ከፈረንሳዊ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ዳንቴል ጥርስ ከሚለው ቃል ወጥቶ ትንሽ ጥርስ ማለት ነው፤ የሥራው ዳር እንደ ጥርስ ተደርድሮ ስለሚታይ እንዲህ ተባለ። ኪሮሽም ትንሽ ሜንጦ ማለት ነው። ስሙ ከግብሩ ወጥቷል፤ ነገር ግን ይህ ትንሽ ሜንጦ በአንድ ዘመን የስንት ሰው ቀለብ እንደ ነበረ ስሙ አይናገርም።

አስቀድሞ የሥራውን ጠባይ ማስረዳት ይገባል። ኪሮሽ የሚሠራ ሰው ክሩን በመርፌው እየሳበ ቀለበትን በቀለበት ውስጥ ያሳልፋል። ከዚህም የሚገኘው እያንዳንዱ ቋጠሮ ሁለት ክፍል አለው፤ በላይ ሰንሰለት የሚመስል ራስ፥ ከራሱም በታች ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ። ጀማሪ መርፌውን በራሱ ሥር አስገብቶ መሳብን ይማራል፤ እንዲህ የተሠራውም ጨርቅ ለጥ ያለ ሜዳ ይሆናል። ዳሩ ግን መርፌው ራሱን ትቶ ምሰሶውን ቢይዝ፥ ይኸውም ከፊት ገብቶ በምሰሶው ጀርባ አልፎ እንደ ገና ወደ ፊት ቢወጣ፥ ምሰሶው ከጨርቁ ላይ ተነሥቶ ተረተር ይሆናል። ከኋላ ገብቶ በምሰሶው ፊት አልፎ ወደ ኋላ ቢመለስ ደግሞ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። አራቱን ወደ ፊት አራቱን ወደ ኋላ እያደረጉ ጥቂት ረድፍ ሠርተው ቢያለዋውጡት የቅርጫት ሥራ የመሰለ መልክ ይወጣል። ሁለቱን ምሰሶ ዘለው ቀጣዮቹን ሁለት ከሠሩ በኋላ ወደ ተዘለሉት ቢመለሱ፥ እንደ ተገመደ ገመድ ይጠላለፋል።

ጭንቁ ሥራው ሲገለበጥ ነው። ረድፉ አልቆ ጨርቁ ሲዞር ፊቱ ኋላ፥ ኋላውም ፊት ይሆናል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት የተነሣውን ተረተር ማስቀጠል የሚሻ በመልሱ ረድፍ ምሰሶውን ከኋላ መያዝ አለበት። ይህን ያልተረዳ ተማሪ የታዘዘውን ቃል በቃል እየፈጸመ ተረተሩን ያፈርሳል። ከቅኔ ቤት የወጣ አንባቢ ይህን ዐይነት ስሕተት ያውቀዋል፤ አገባቡን ሳይለዩ ቃሉን ብቻ እንደ መያዝ ነውና። ደግሞም መርፌው ዝቅ ብሎ ስለሚይዝ ረድፉ ያጥራል፥ ጨርቁ ይወፍራል፥ ክሩም ይበዛል።

ኤውሮፓውያን ሴቶች ቀድሞ እንደ ከበሮ በተወጠረ ጨርቅ ላይ በቆልማማ መርፌ ይጠልፉ ነበር፤ ይህ ጥልፍ በ18ኛው መቶ ዓመት ከምሥራቅ የደረሳቸው ነው። ኋላ ጨርቁ ቀርቶ ክሩ ብቻውን መሠራት እንደ ጀመረ ብዙዎች የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በ1820ዎቹ፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ፔኔሎፔ የተባለ የሆላንድ መጽሔት የኪሮሽ ንድፍ አሳተመ። እስከዚያም ድረስ ነገሩ የእመቤቶች የሥራ ፈት ጊዜ ማሳለፊያ ነበር።

በ1845 በአየርላንድ የድንች በሽታ ገባ። የድኻው ሕዝብ ኑሮ በድንች ብቻ ስለ ነበረ እስከ 1852 በቆየው ረኃብና ተከትሎት በመጣው ተስቦ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህልም ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። በ1841 ቆጠራ ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ወደ 6 ሚሊዮን ተኩል ወረደ። ከሁሉ የሚያሳዝነው በዚያው ዘመን እህልና ከብት ከአገሪቱ ወደቦች ወደ እንግሊዝ ይጫን መኖሩ ነው።

ለተራበ ሰው ክርና መርፌ ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር፥ ነገሩ እንዲህ ነው። በኮርክ ከተማ አጠገብ በብላክሮክ የሚኖሩ የኡርሱላ ማኅበር ደናግል ለድኾች ልጆች ኪሮሽ ያስተምሩ ነበር። በሰሜንም በሞናሃን አውራጃ በክሎኒስ ከተማ የፕሮቴስታንት ቄስ ሚስት የነበረችው ወይዘሮ ካሳንድራ ሃንድ ከ1847 ጀምሮ ይህንኑ ሥራ አስፋፋች። በሃይማኖት የተለያዩት ወገኖች በአንድ መርፌ ተስማሙ። ለሥራው ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም ነበር፤ ባለጠጋ እጀታው ከዝሆን ጥርስ የሆነ ኪሮሽ ሲይዝ፥ ድኻው የታጠፈ መርፌ በቡሽ ላይ ተክሎ ይሠራ ነበርና። ቬኒስ በመርፌ ብቻ ከምትሠራው ውድ ዳንቴል ይልቅም ፈጥኖ ያልቅ ነበር።

አባቷ ፈረንሳዊ እናቷ አየርላንዳዊት የሆነች ኤሌኖር ሪዬጎ ደ ላ ብራንሻርዲየር የቬኒስን ዳንቴል መርምራ በኪሮሽ እንዲመሰል አደረገች። በ1846 መጽሐፍ ማሳተም ጀምራ ብዙ መጻሕፍት አወጣች፤ በ1851ም በለንደኑ ታላቅ ትርኢት ተሸለመች። ሆኖም በቃል የተጻፈ ትምህርት እጅን ወዲያው አያቀናም። እስከ ዛሬ ድረስ እንግሊዞችና አሜሪካውያን በአንድ ስም የተለያየ ቋጠሮ ይጠራሉ፤ የአንዱን መጽሐፍ ይዞ በሌላው ልማድ የሚሠራ ልኩ ይጠፋበታል።

የአየርላንድ ሥራ የታወቀው በጽጌረዳው ነው። አበባው ድርብ ነው፤ የመጀመሪያው ረድፍ ቅጠል ካለቀ በኋላ መርፌው ከኋላ ዞሮ ከታች ያለውን ምሰሶ ይይዛል፥ በዚያም ላይ የሚቀጥለው ረድፍ ይመሠረታል። ስለዚህ የላይኛው ቅጠል ከታችኛው ተለይቶ ይነሣል። አንዱ ቤተ ሰብ ጽጌረዳ፥ ሌላው ቅጠል፥ ሌላው ወይን ብቻ ይሠራ ነበር፤ ኋላም ሌላ እጅ ሁሉን በጨርቅ ላይ ደርድሮ በመረብ ያያይዘዋል። እያንዳንዱም ቤት ስልቱን ከጎረቤት ይደብቅ ነበር። ይህ መደበቅ ሊነቀፍ አይገባም፥ ስልቱ እንጀራቸው ነበርና፤ ነገር ግን ከእናት ወደ ልጅ ካልሆነ በቀር አልተጻፈም፥ ልጅም ወደ አሜሪካ ስትሄድ ከእርሷ ጋራ ሄደ።

በ1880ዎቹ በስዊስና በጀርመን በመኪና ተጠልፎ የሥሩ ጨርቅ በመድኃኒት የሚሟሟ ዳንቴል ወጣ፤ ዋጋውም እጅግ ረከሰ። ከ1914 እስከ 1918 ከሆነው ጦርነት በኋላ ደግሞ የሴቶች ልብስ ቀለል ስላለ ገበያው ጠፋ። በ20ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ በክሎኒስ ጥበቡን ሊያስነሡ የተነሡ ሴቶች የሚጠይቁት አሮጊት ጥቂት ነበረ፤ ስለዚህ በሣጥን የቀሩትን አሮጌ ጽጌረዳዎች አውጥተው ገለበጡአቸው፤ መርፌው የትኛውን ምሰሶ እንደ ያዘም በጀርባው በኩል አንድ በአንድ ይቈጥሩ ጀመር።