የቤተልሔም ድጓና የጋይንት ገበሬ ቁራሽ

ያደግሁት በስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ፣ በወገዳ ነው። በልጅነቴ ማለዳ ማለዳ የመንደራችንን ውሾች የሚያስጮኸው ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ የቆሎ ተማሪ ነበር። “በእንተ ስማ ለማርያም” ብሎ ከደጃፍ ሲቆም እናቴ ከሞሰቡ ቁራሽ አውጥታ ትሰጠዋለች። ይህ ተራ ልመና ሳይሆን የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ቀለብ መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

የቅዱስ ያሬድ ድርሰት የሚባለው ድጓ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የተሰኙ የአዜማመም ስልቶች አሉት። ከእነዚህ ቤተልሔም በታች ጋይንት፣ ቆማ ፋሲለደስ ደግሞ በእስቴ ይገኛሉ። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም ከዚያው ከደቡብ ጎንደር አይወጣም።

ድጓ በዓመቱ በዓላት ሁሉ የሚባለውን ዜማ የያዘ መጽሐፍ ነው። ዜማዎቹ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ። ከፊደሉ በላይ የሚታዩትን ምልክቶች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ተማሪው ሌላ አገር ቢማርም በድጓ መምህርነት ለመታወቅ ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። ይህም ዓመታት ይፈጃል። ተማሪዎቹ መንደሮቹን ተከፋፍለው ቁራሽ ይለምናሉ፤ ያገኙትን ይዘው ወደ ጎጇቸው ይመለሳሉ።

የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ቤተልሔምን ጎብኝቶ፣ በክብ የሣር ክዳን ሥር የተሸሸገውን ጥንታዊ ሕንፃ ለውጭው ዓለም አስተዋውቋል። ሕንፃው ብዙ ተብሎለታል። ትምህርቱን ያቆመው ገበሬ ግን እምብዛም አይነሳም።

ገበሬው ደግሞ ባለጸጋ አይደለም። መሬቱ ገደላማና የተሸረሸረ ነው። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ስማዳ፣ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ነበሩ። ራሱ እርዳታ የሚጠብቅ ሰው ነው እንግዲህ ተማሪ የሚያበላው። እናቴ በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ቁራሹን ታሳንሰው ነበር እንጂ አልከለከለችም።

ስለ ቅርስ ጥበቃ ሲወራ ብራናውን ፎቶ ማንሳትና ዜማውን መቅዳት ይነሳል፤ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ድጓ የሚኖረው ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ሲተላለፍ ነው። ገበሬው እህል ካጣ ተማሪው ይበተናል፣ ጉባኤውም ይፈታል። ቅርሱን እንጠብቅ የምንል ሁሉ ከገበሬው ማሳ መጀመር ይኖርብናል።