ኤደንና አሰብ፦ የሁለት ማጣሪያዎች ታሪክ ለዛሬው ክርክር ምን ይነግረናል?

ስለ ባሕር በር በምናደርገው ክርክር ውስጥ የአሰብ ማጣሪያ ስም በተደጋጋሚ ይነሣል። ብዙ ጊዜም የሚነሣው እንደ ጠፋ ርስት ነው፤ ወደቡ በእጃችን ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ዛሬም ይሠራ ነበር በሚል ስሜት። ይህን ግምት ለመመዘን የአሰብን ታሪክ ብቻውን ማንበብ አይበቃም። ከባብ ኤል መንደብ ወዲያ ማዶ፣ በኤደን፣ ከአሰብ ቀድሞ የተተከለ ትልቅ ወንድም አለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኤደን ማጣሪያ የተወለደው ከሌላ ከተማ ኪሳራ ነው። በ1951 ኢራን በሙሐመድ ሞሳዴቅ መሪነት የነዳጅ ሀብቷን የመንግሥት ስታደርግ፣ የአንግሎ ኢራን ነዳጅ ኩባንያ በጊዜው በዓለም ትልቁ የነበረውን የአባዳን ማጣሪያ አጣ። ብሪቲሽ ፔትሮሊየም የሚለውን ስም በ1954 የያዘው ይኸው ኩባንያ፣ ምትክ ሲፈልግ የእንግሊዝ ባንዲራ የሚውለበለብበትን ምድር መረጠ። ከኤደን ወደብ ማዶ፣ ዛሬ ቡረይቃ በሚባለው ባሕር ገብ መሬት፣ በ1952 የተጀመረው ግንባታ በ1954 ተጠናቅቆ በዓመት 5 ሚሊዮን ቶን ያህል ድፍድፍ ነዳጅ የሚያጣራ ፋብሪካ ቆመ። ኩባንያው ከፋብሪካው ጋር የመርከብ ማረፊያ፣ የኃይል ማመንጫና የሠራተኞች መንደርም ሠራ።

ይህ ሁሉ ነዳጅ ለኤደን ሕዝብ አልነበረም። ድፍድፉ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ይመጣል፤ ዋናው ገዢ ደግሞ በስዊዝ ቦይ በኩል የሚያልፈው መርከብ ነበር። ኤደን በ1950ዎቹ ከዓለም ዋና ዋና የመርከብ ነዳጅ መቅጃ ወደቦች አንዷ ነበረች። እንግዲህ ፋብሪካው በሦስት እግር ቆሟል ማለት ነው፦ በማይቋረጥ ድፍድፍ፣ በማይቋረጥ ገዢ፣ ሁለቱንም በሚጠብቅ የፖለቲካ ሥልጣን። ሦስቱም ከኤደን ሰዎች እጅ ውጭ ነበሩ። በ1956 ከተማዋን ያናወጠው የሠራተኞች አድማ ማጣሪያውንም መንካቱ፣ ፋብሪካው ያሰባሰበው ሠራተኛ ራሱ የፖለቲካ ኃይል እየሆነ መምጣቱን አሳየ።

ከዚያ 1967 መጣ። በሰኔ የስዊዝ ቦይ በጦርነት ተዘጋ፤ እስከ 1975ም አልተከፈተም። በኅዳር እንግሊዝ ኤደንን ለቅቃ ወጣች። በአንድ ዓመት ውስጥ ገዢውም ጠባቂውም ሄዱ። አዲሱ የደቡብ የመን መንግሥት በ1969 ባንኮችንና የንግድ ድርጅቶችን ሲወርስ ማጣሪያውን ሳይነካ ያለፈው በቸርነት አልነበረም። ድፍድፉን የሚያመጣውና ምርቱን የሚሸጠው ኩባንያው በመሆኑ፣ ብረቱን ብቻ መውረስ ትርፍ አልነበረውም። ፋብሪካው ለመንግሥት የተላለፈው በ1977 ነው።

በዚያው በ1967 ማዶ ለማዶ የአሰብ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። መነሻው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1959 ሞስኮን ሲጎበኙ የተገኘው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ሲሆን፣ ፋብሪካው ከዚያ ብድር ከወጡት ሥራዎች ዋነኛው ነበር። ሲነደፍ በዓመት 500 ሺህ ቶን፣ የኤደኑን አንድ አሥረኛ ያህል፣ እንዲያጣራ ነው። ልዩነቱ ግን በመጠን ብቻ አልነበረም። የአሰብ ገዢ አላፊ መርከብ ሳይሆን መሀል አገር ነበር፤ ቦቴዎች ቤንዚኑንና ናፍጣውን ጭነው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዙ አዲስ አበባ ያደርሱ ነበር። ወደቡ፣ መንገዱ፣ ፋብሪካውና ገበያው በአንድ መንግሥት ሥር መሆናቸው ኤደን ያላገኘችውን ጥንካሬ ሰጠው።

ሦስተኛው እግር ግን እዚህም የውጭ ነበር። በ1980ዎቹ ድፍድፉ በዋናነት ከሶቪየት ኅብረት ይመጣ ነበር። ከማጣሪያው የሚወጣው ምርት ከአገሪቱ ፍላጎት ጋር ስለማይመጣጠን የተረፈው ከባድ ጥቁር ናፍጣ ለውጭ ይሸጥ ነበር። አንዲት የነዳጅ ጉድጓድ ሳይኖራት ኢትዮጵያ የነዳጅ ውጤቶችን ከወጪ ንግዷ መዝገብ ውስጥ ትጽፍ ነበር።

በ1991 ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ፈረሱ፦ የሶቪየት ኅብረትና ወደብን ከገበያ ያስተሳሰረው አንድ መንግሥት። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው በኤርትራ፣ ገበያው በኢትዮጵያ ሆነ። ለስድስት ዓመታት በስምምነት ሠራ። በ1997 ግን ኢትዮጵያ ድፍድፍ ገዝቶ በአሰብ ከማስጣራት የተጣራውን መግዛት ይረክሳል ብላ ወሰነች፤ ማጣሪያውም ቆመ። የቀን ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጦርነቱ የተጀመረው በግንቦት 1998 ነው፤ እስከዚያች ወር ድረስ የኢትዮጵያ ጭነት በአሰብ ወደብ ያልፍ ነበር። ማጣሪያውን ያቆመው የወደቡ መዘጋት አይደለም፤ ወደቡ ክፍት ሳለ የተሠራ የዋጋ ስሌት ነው።

ይህ ማለት ወደብ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ወደቡ ሲዘጋ የኢትዮጵያ ነዳጅ ሁሉ ወደ ጂቡቲ ዞረ፤ በአሰብ ኑሮ የመሠረቱ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ከተማዋን ለቅቀው ወጡ። ይሁን እንጂ የወደብ ጥያቄና የማጣሪያ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንዱን የመለሰ ሌላውን እንደመለሰ የሚቆጥር ፖሊሲ የ1997ን ስሌት እንደገና ይጋፈጣል።

ከኤደን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ትምህርት አለ። የ2015ቱ ጦርነት ማጣራቱን ካስቆመው በኋላ ለከተማዋ አገልግሎት መስጠታቸውን የቀጠሉት የነዳጅ ማከማቻ ጋኖቹና የመርከብ ማረፊያው ነበሩ። ከውጭ የሚገባውን የተጣራ ነዳጅ ተቀብለው ያከማቻሉ። ማጣሪያው ሲቆም ማከማቻው ዕድሜ አገኘ።

ስለዚህ አዲስ ማጣሪያ ይሠራ ሲባል፣ በኢትዮጵያም ይሁን በሌላ የአፍሪካ አገር፣ የመሠረት ድንጋዩ ከመጣሉ በፊት የሚጠየቁት ሦስቱ ጥያቄዎች ከኤደንና ከአሰብ ተጽፈው ቀርተዋል። ድፍድፉ ከማን፣ በምን ውል፣ ለስንት ዓመት ይመጣል? ከማጣሪያው የሚወጣው ምርት ገበያው ከሚፈልገው ጋር ይመጣጠናል? ከውጭ ከሚገባው የተጣራ ነዳጅ ጋር በዋጋ ሲነጻጸር ልዩነቱን የሚሸፍነው ማን ነው? እነዚህ መልስ ካገኙ ፋብሪካው የት ይተከል የሚለው ቀላሉ ጥያቄ ነው። ካላገኙ ግን በራስ ወደብ ላይ የቆመ ማጣሪያም ከዝገት አይድንም።