ኮሎኖስኮፒ (የትልቁ አንጀት የካሜራ ምርመራ)፦ ከሂርናና ከአካባቢው በሪፈር ለሚላኩ ታካሚዎች

ኮሎኖስኮፒ የትልቁን አንጀት የውስጥ ግድግዳ በቀጥታ ለማየት የሚያስችል የሕክምና ምርመራ ነው። የሚካሄደው የጣት ውፍረት ባለው፣ ጫፉ ላይ መብራትና ትንሽ ካሜራ በተገጠመለት ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ቱቦው በፊንጢጣ ገብቶ 1.5 ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ትልቁ አንጀት ውስጥ ቀስ በቀስ ያልፋል። ሐኪሙ የአንጀቱን ግድግዳ በስክሪን እየተመለከተ እንደ አስፈላጊነቱ ናሙና ይወስዳል፤ ፖሊፕ የሚባሉ ትናንሽ እባጮችን ካገኘም ብዙውን ጊዜ በዚያው ቆርጦ ያወጣቸዋል።

በምዕራብ ሐረርጌ ዞን በሂርና ከተማና በዙሪያዋ ለሚኖር ታካሚ ግን አስቸጋሪው ነገር ከምርመራው ይልቅ የቅድመ ዝግጅቱና የጉዞው ጉዳይ ነው። አንጀቱ በሚገባ ካልጸዳ ሐኪሙ ማየት ስለማይችል ታካሚው ያንን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ያለ ምርመራ ሊመለስ ይችላል። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው አስቀድመው እንዲያውቁና እንዲዘጋጁ ለማገዝ ነው።

ምርመራው የሚታዘዝባቸው ሁኔታዎች

ሐኪሞች ኮሎኖስኮፒን በብዛት የሚያዙት የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ነው፦

- ከሰገራ ጋር የተቀላቀለ ወይም ተደጋግሞ የሚታይ ደም፤
- ለሳምንታት የቆየ የሰገራ ልማድ ለውጥ፣ ማለትም ያልተለመደ ድርቀት፣ ተቅማጥ ወይም የሁለቱ መፈራረቅ፤
- ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ወይም የደም ማነስ፤
- የማይለቅ የሆድ ቁርጠት፣ ወይም ከተጸዳዱ በኋላም አልወጣልኝም የሚል ስሜት።

በወላጅ፣ በወንድም ወይም በእህት ላይ የትልቁ አንጀት ካንሰር የታየበት ሰው ምልክት ባይኖረውም ጉዳዩን ለሐኪም መንገር ይኖርበታል።

ከሰገራ ጋር የሚታይ ደም ምክንያቱ ብዙ ነው። አሜባ፣ ቢልሃርዚያና ኪንታሮት ከተለመዱት መካከል ናቸው። በመሆኑም በቅድሚያ በጤና ጣቢያ የሰገራና የደም ምርመራ ይደረጋል። ሆኖም ደም ባዩ ቁጥር «ኪንታሮት ነው» ብሎ በመደምደም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በባህላዊ መድኃኒት መቆየት ከፍተኛ አደጋ አለው። የትልቁ አንጀት ካንሰር በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ታማሚዎች የሚመዘገቡበት በሽታ ነው፤ በኢትዮጵያም ወንዶችን በብዛት ከሚያጠቁ ካንሰሮች መካከል ይገኛል። በአገራችን ከ50 ዓመት በታች በሆኑ ሰዎች ላይም በተደጋጋሚ ስለሚታይ ወጣትነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በሽታው ገና ሲጀምር ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

የሪፈር ቅደም ተከተል

ኮሎኖስኮፒ በሁሉም ሆስፒታሎች አይሰጥም። ታካሚው ከጤና ጣቢያ ወደ ሂርና ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ ሁኔታው ወደ ጭሮ ወይም ወደ ከፍተኛ ሪፈራል ሆስፒታል ይላካል። ከሂርና ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ በቁልቢ በኩል ሐረር ይደርሳል፤ ወደ ምዕራብ የሚወስደው ደግሞ በጭሮ፣ በሚኤሶ፣ በአዋሽና በአዳማ አልፎ አዲስ አበባ ይገባል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ምርመራውን ከሚሰጡ የመንግሥት ተቋማት መካከል ናቸው።

ሪፈር የሚጽፈው ተቋም የሚላክበት ሆስፒታል በወቅቱ አገልግሎቱን እየሰጠ መሆኑንና የቀጠሮውን ቀን በስልክ እንዲያረጋግጥ ታካሚው መጠየቅ ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሪፈር ቅደም ተከተሉን ጠብቀው መሄድ፣ የታደሰ የመድን መታወቂያና የሪፈር ወረቀት መያዝ አለባቸው። የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የአስታማሚ ወጪ ግን አስቀድሞ በቤተሰብ ሊታሰብበት ይገባል።

ጉዞን ማቀድ

የአንጀት ማጽጃ መድኃኒት ከተጠጣ በኋላ ታካሚው ለብዙ ሰዓታት በተደጋጋሚ ሽንት ቤት ይመላለሳል። ስለዚህ መድኃኒቱን ሂርና ጠጥቶ አውቶቡስ መሳፈር አይቻልም። ታካሚው ከቀጠሮው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ሆስፒታሉ ወዳለበት ከተማ መድረስና ሽንት ቤት ቅርብ የሆነበት ማደሪያ መያዝ ይኖርበታል። ከምርመራው በኋላም የማረጋጊያው መድኃኒት እስኪለቅ ድረስ ረጅም መንገድ መሄድ ስለማይመከር አንድ ሌሊት ማደር ተገቢ ነው። አንድ አዋቂ አስታማሚ አብሮ መሄድ አለበት።

ምግብና መጠጥ

ከምርመራው ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስቀድሞ ገለባና ፍሬ ያላቸው ምግቦች ይቆማሉ። የማሽላና የበቆሎ ምግቦች፣ ቆሎ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጥሬ አትክልት፣ ሰሊጥ፣ ቲማቲምና ዘይቱን የመሳሰሉት በአንጀት ውስጥ ቅሪት ይተዋሉ። ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የፉርኖ ዳቦ፣ የተላጠ ድንች፣ እንቁላልና ዓሣ መመገብ ይቻላል።

ጫት በተለይ መቆም አለበት። የቅጠሉ ቅሪት በአንጀት ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ካሜራውን ይከልላል፤ ጫት ድርቀት ስለሚያስከትልም ጽዳቱን ያዳክማል። ከዚህም ሌላ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ከማረጋጊያ መድኃኒት ጋር አይጣጣምም። ታካሚው የጫት ልማዱን ለሐኪሙ ሳይደብቅ መናገሩ ለራሱ ደህንነት ይጠቅመዋል።

በምርመራው ዋዜማ የሚፈቀደው በውስጡ የሚያሳይ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይና ቡና፣ የተጠለለ የሥጋ መረቅ፣ ስኳር ወይም ማር የተበጠበጠበት ውኃ ይጠጣል። ወተት፣ ወተት የገባበት ሆጃ፣ አጥሚትና ቀይ ቀለም ያላቸው መጠጦች አይፈቀዱም፤ ቀዩ ቀለም በምርመራ ጊዜ ከደም ጋር ሊያምታታ ይችላል።

ዝግጅቱ በቀን ውስጥ ብዙ ፈሳሽ መጠጣትን ስለሚጠይቅ ቀጠሮው በረመዳን ወይም በሌላ የጾም ወቅት ላይ ከዋለ ታካሚው አስቀድሞ ለሐኪሙ ያስረዳል። ምርመራው አስቸኳይ ካልሆነ ቀኑ ሊቀየር ይችላል፤ አስቸኳይ ከሆነ ግን ከሃይማኖት አባቱ ጋር ተመካክሮ በጊዜው ማድረጉ ይመከራል።

የማጽጃ መድኃኒቱ

መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሲሆን፣ በአጠቃላይ ከ2 እስከ 4 ሊትር ይጠጣል። በብዙ ተቋማት ግማሹ በዋዜማው ምሽት፣ ቀሪው ከምርመራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት አስቀድሞ ይወሰዳል። ለምሳሌ ቀጠሮው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ ሁለተኛው ዙር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ይጀመራል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በውጭ አገር አቆጣጠር ማጣራት ያስፈልጋል።

ጣዕሙ ለብዙዎች ከባድ ነው። ቀዝቀዝ አድርጎ ቀስ በቀስ መጠጣት ይረዳል። የሚወጣው ሰገራ ፍርፋሪ የሌለውና እንደ ሽንት ቢጫ ወይም ጥርት ያለ ውኃ ሲሆን አንጀቱ ጸድቷል ማለት ነው። ይህ ካልሆነ ወደ ምርመራው ክፍል ከመግባት በፊት ለነርሷ መንገር ይገባል።

የሚወሰዱ መድኃኒቶች

የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ታካሚ ቀጠሮ ሲያዝ ማስታወቅ አለባት፤ ይህ ወንድ ታካሚዎችንም ይመለከታል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በጾመበት ቀን መጠኑን በራሱ መወሰን የለበትም። ደም ማቅጠኛም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቆምም። የአይረን እንክብል ሰገራን ስለሚያጠቁር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት በፊት እንዲቆም ይደረጋል።

በምርመራው ክፍል ውስጥ

ታካሚው የስምምነት ቅጽ ከመፈረሙ በፊት ስለ ምርመራው ጥቅምና ጉዳት በሚገባው ቋንቋ ማብራሪያ የማግኘት መብት አለው። አማርኛ በደንብ የማይሰማ ሰው በአፋን ኦሮሞ እንዲነገረው መጠየቅ ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሆስፒታሉን ልብስ ለብሶ በግራ ጎኑ ይተኛል፤ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። በክንዱ ሥር የማረጋጊያና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ይሰጠዋል። ብዙዎች እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል፤ ብዙውን የማያስታውሱም አሉ። አንጀቱ እንዲከፈት አየር ስለሚገባ የመነፋት፣ የቁርጠትና የመጸዳዳት ስሜት ይኖራል። አየሩ ሲወጣ ድምፅ መስማት የተለመደ ነው፤ ሊታፈርበት አይገባም። ናሙና ሲወሰድ ሕመም አይሰማም። ምርመራው በአብዛኛው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል።

ሐፍረት ብዙ ሰዎችን ከዚህ ምርመራ የሚያስቀር ምክንያት ነው። የታካሚው ሰውነት ከሚመረመረው ቦታ በቀር በጨርቅ እንደተሸፈነ ይቆያል። ሴት ታካሚዎች ሴት ባለሙያ እንድትገኝላቸው ቀጠሮ ሲይዙ መጠየቅ ይችላሉ።

ከምርመራው በኋላ

ታካሚው እስኪነቃ ድረስ ማገገሚያ ክፍል ይቆያል። የሆድ መነፋቱ አየሩ እየወጣ ሲሄድ ይቀላል። ሐኪሙ ካልከለከለ በዚያው ቀን መመገብ ይቻላል። እስከ ማግስቱ ድረስ መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል መንዳት፣ ውል መፈረምና ብቻውን መጓዝ አይገባም። ናሙና ከተወሰደ ጥቂት የደም ጠብታ ሊታይ ይችላል።

ከባድ ጉዳት እምብዛም አይደርስም፤ ነገር ግን የአንጀት መበሳት ወይም መድማት ሊያጋጥም ይችላል። ፖሊፕ ከተቆረጠ ደግሞ መድማት ከቀናት በኋላም ሊከሰት ይችላል። ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ታካሚው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል መሄድ አለበት፦

- እየጨመረ የሚሄድ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም የሆድ መጠንከር፤
- ብዛት ያለው ወይም የማይቆም ደም፤
- ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፤
- ራስን መሳት ወይም ተደጋጋሚ ትውከት።

ውጤቱን መቀበል

ሐኪሙ በዓይኑ ያየውን በዚያው ዕለት ሊናገር ይችላል። የማረጋጊያው መድኃኒት የማስታወስ ችሎታን ስለሚቀንስ አስታማሚው አብሮ መስማቱ ይጠቅማል። የናሙናው የፓቶሎጂ ውጤት ግን ቀናት ወይም ሳምንታት ይወስዳል። ታካሚው ከሆስፒታሉ ከመውጣቱ በፊት ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ፣ በተወካይ መውሰድ ይቻል እንደሆነና የሚያገኝበትን የስልክ ቁጥር ጠይቆ መያዝ አለበት። መንገዱ ሩቅ በመሆኑ ሳይወሰድ የቀረ ውጤት እንዳልተደረገ ምርመራ ይቆጠራል።

የምርመራው የጽሑፍ ሪፖርት ቅጂ ሪፈር ለጻፈው ጤና ተቋም መመለስ አለበት። ክትትሉ፣ የሚቀጥለው ምርመራ ጊዜና አስፈላጊ ከሆነም ተጨማሪ ሕክምና የሚወሰነው በዚህ ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ ነው።