ስደት፣ ፍልሰት ወይስ ዝውውር?

የኮምፒውተሩን ቃል «ታስክ ማይግሬሽን»ን «የተግባር ስደት» ብለው ሲተረጉሙት ጆሮዬን ይጎረብጠዋል። ስደተኛ ችግር ገፍቶት ይወጣል፤ በሊኑክስ ግን አንዱ ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት፣ ሌላው እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ ተግባሩን ከአንዱ ወረፋ አንስቶ ወደ ሌላው የሚያስገባው የሥርዓቱ እምብርት፣ ከርነሉ ነው። «ፍልሰት» ይቀርባል፤ ከግእዙ «ፈለሰ» የመጣ ነውና። ዳሩ ግን በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ለሚያስቀድስ የላስታ ሰው ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾም ጾም ነው፤ ዜናውም ፍልሰትን ከገጠር ወደ ከተማ ለሚጎርፈው ሰው ሰጥቶታል። «ዝውውር» ግን መምህሩም ነርሷም የሚያውቁት የቢሮ ቃል ነው፤ ተግባሩን እንደሚያነሳው ከርነል ሁሉ አዛዋሪ አለው። የተዛወረ መምህር አዲሱን ትምህርት ቤት እስኪለምድ እንደሚቸገር፣ ተግባሩም በቀድሞው ፕሮሰሰር ካሽ (ፈጣን ማከማቻ) ያለውን ዳታ ትቶ ስለሚሄድ ለጊዜው ይዘገያል። «የተግባር ዝውውር» እንበለው።